ከሠላሳ ጥይት አንድ አረር

በጫሞ ሐይቅ ዳር ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ማሳ ባጠፋ ወይም አዞ መረቡን በሚስብ ዓሣ አጥማጅ ላይ በተነሳ ቁጥር የሚሰነዘረው ሐሳብ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው «ክላሽ የያዘ ሰው ይላክና ካዝናውን ያራግፍበት» የሚል ነው። ሌላው ከውጭ የሚመጡ አዳኞችን ጠመንጃ ያየ ወይም ስለ እነሱ የሰማ ሰው የሚለው ነው፤ «ክላሽማ አይነካውም፣ የዝሆን ጠመንጃ ነው የሚያስፈልገው፣ ትልቁን አምጡ»። ሁለቱ የተጣሉ ይመስላሉ። ሲመረመሩ ግን የአንድ እምነት ልጆች ናቸው። እንስሳ የሚወድቀው በጉልበት ብዛት ነው ብለው ያምናሉ፤ አንዱ ጉልበቱን በጥይት ቁጥር ይሰፍረዋል፣ ሌላው በጥይት መጠን። የእኔ ሙግት ከዚህ የጋራ እምነታቸው ጋር ነው። ትልቅ አውሬ የሚጥለው አረሩ ዘልቆ ሕይወት ያለበት ቦታ መድረሱ ነው። የካዝናው ሠላሳም ሆነ የአፈሙዙ ስፋት ለዚህ ካላገለገለ ጩኸት ብቻ ነው።

ክርክሩ ወዴት እንደማይሄድም አስቀድሞ ይታወቅ። እዚያው ጫሞ ዳር ባለውና በ1966 ዓ.ም. በተቋቋመው በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አደን ክልክል ነው። ከፓርክ ውጭም ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ያስጠይቃል። ስለዚህ እዚህ የምንነጋገረው ማንም ተነስቶ ምን ይተኩስ በሚለው ላይ አይደለም። መተኮስ የተፈቀደለት ሰው፣ የመንግሥት ጥበቃ ሠራተኛም ይሁን በአደን ቀበሌ ውስጥ ፈቃድ ይዞ የሚያድን፣ ምን ይዞ ይውጣ በሚለው ላይ ነው።

ከክላሽ እንጀምር፤ በገጠራችን በብዛት የሚታየው እሱ ነውና። የክላሽ አረር 8 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 715 ሜትር ይጓዛል፤ ያን ጊዜ የተሸከመው ጉልበት 2,000 ጁል ያህል ነው፤ መቶ ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ 1,500 ይወርዳል። ይህ ብዙ ነው ትንሽ? ቁጥሩ ለብቻው አይናገርም። ስለዚህ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ትልቅ አውሬ የሚያድን ሕዝብ ምን ብሎ እንደደነገገ ማየት ይሻላል። ስዊድኖች ሙስ የሚባለውን የሰሜን አገር አውሬ ያድናሉ፤ ቁመቱ ከፈረስ የሚበልጥ፣ ወንዱ 500 ኪሎ ሊደርስ የሚችል ባለ ቀንድ ነው። ሕጋቸው እንዲህ ይላል፦ ለዚህ አውሬ የሚተኮሰው አረር ቢያንስ 9 ግራም ከሆነ በመቶ ሜትር ላይ 2,700 ጁል ይኑረው፤ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን 2,000 ጁል ይበቃዋል። ክላሽ በሁለቱም ይወድቃል። ይሁንና ከክላሹ መውደቅ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የሕጉ አካሄድ ነው። አንዲት ግራም ስትጨመር የሚጠየቀው ጉልበት በ700 ጁል ይቀንሳል። ጉልበት ብቻውን ገዳይ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ሕግ ባልተጻፈም ነበር።

የክላሽ ሁለተኛ ጉድለት ከጉልበቱ ጋር አይገናኝም። የጦር ሜዳ አረር ሙሉ በሙሉ በጠንካራ ብረት የተለበጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ የወጣው ስምምነት በሰው ገላ ውስጥ የሚከፈትና የሚፈረጥ አረር በጦርነት እንዳይተኮስ ከልክሏል፤ የወታደር ጥይት ከዚያ ወዲህ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። የአዳኝ ጥይት ደግሞ በተቃራኒው ጫፉ ለስላሳ ሆኖ ይሠራል፤ ሥጋ ሲነካ እንደ እንጉዳይ ይከፈታል፣ ሳንባን ሰፊ አድርጎ ይቀዳል፣ እንስሳው በደቂቃ ውስጥ ደሙ ያልቃል። ለሰው የታሰበው ርኅራኄ ለእንስሳ ጭካኔ ሆኗል ማለት ይቻላል። የተለመደው የክላሽ አረር ገላ ውስጥ ከገባ በኋላ ከ25 ሳንቲ ሜትር በላይ ሳይገለበጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አጋዘን ወይም ድኩላ ጎኑን ቢመታ አረሩ በወዲያኛው በኩል የሚወጣው የእርሳስ ጫፍ በምታክል ቀዳዳ ነው። እንስሳው ይሮጣል፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ጅብ ያገኘዋል። ተኳሹ «ሳትኩት» ብሎ ሌላ ይፈልጋል። በአንድ ሰው እጅ ሁለት ሦስት እንስሳ የሚያልቀው እንዲህ ነው።

«አንዱ ካልጣለው ሠላሳው ይጥለዋል» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ይመጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ጥይት ቢያብር ግን ጉማሬ አይጥልም። ክላሽ በሩምታ ሲተኮስ አፈሙዙ ወደ ላይ ይነሳል፤ የመጀመሪያው ጥይት ኢላማው አጠገብ ቢያርፍ አራተኛውና አምስተኛው ሰማይ ነው። ጉማሬ ደግሞ ቀን ውሃ ውስጥ ነው የሚውለው። ከውሃ በላይ የሚታየው ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው ብቻ ነው፤ አንጎሉ ከዓይንና ከጆሮው መካከል ወደ ኋላ ገባ ብሎ በወፍራም አጥንት ተከቦ ተቀምጧል። ሌላው ገላው፣ አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን ሥጋና እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ቆዳ፣ ከውሃ በታች ነው። ውሃ ደግሞ ከምናስበው በላይ ጋሻ ነው። ፈጣን የጠመንጃ ጥይት አንድ ሁለት ሜትር ውሃ ሳያቋርጥ ኃይሉን ይጨርሳል። በዝቅተኛ አንግል የመጣው ደግሞ ጭራሽ አይገባም፤ ልጆች በሐይቅ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወርውረው እንደሚያስነጥሩት ነጥሮ ይሄዳል። በብረት የተለበጠ አረር ቅርጹ ስለማይበላሽ ነጥሮም ሩቅ ይደርሳል።

ጫሞ ደግሞ ባዶ ሜዳ አይደለም። ማለዳ መረብ የሚያነሱ አጥማጆች አሉ፤ ጎብኚ ጭነው አዞ ገበያ ወደሚባለው ቦታ የሚቀዝፉና በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎች አሉ፤ ከብት የሚያጠጡ እረኞች አሉ። ከዳር ቆሞ ወደ ውሃው ሩምታ የሚለቅ ሰው ሃያ ዘጠኙን ጥይት ማን ላይ እንደላከ አያውቅም። የተተኮሰበትንም ጉማሬ መግደሉን አያውቅም። አንጎሉን ተመትቶ የሞተ ጉማሬ ወዲያው ይሰምጣል፤ ሆዱ ውስጥ አየር ሲሞላ ከአንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ከበለጠ ጊዜ በኋላ ነው የሚንሳፈፈው። መንጋጋው ወይም አንገቱ ላይ የቆሰለውም እንዲሁ ይሰምጣል፤ ግን ትንፋሽ ለመሳብ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ለተኳሹ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። የቆሰለው ጉማሬ ቁስሉን ይዞ ሲሰነብት ሂሳቡን የሚከፍለው በማግስቱ በታንኳ አጠገቡ የሚያልፈው ሰው ነው። አዞም እንዲሁ ነው። አምስትና ስድስት ሜትር የሚረዝም አዞ አንጎሉ ከአንድ ጎልማሳ አውራ ጣት ብዙ አይበልጥም፤ ከዚያች ጣት ውጭ የተመታ አዞ ወደ ጥልቁ ገብቶ ይጠፋል።

አሁን ወደ ክርክሩ እምብርት እንግባ። ወስፌና ማንኪያ በአንድ እጅ፣ በአንድ ጉልበት ቆዳ ላይ ቢጫኑ ወስፌው ይገባል፣ ማንኪያው ጎድጓዳ ምልክት ይተዋል። አረርም እንደዚያው ነው፤ የሚዘልቀው ክብደቱ ሲታይ ብቻ አይደለም፣ ክብደቱ በምን ያህል ስፋት ላይ እንዳረፈ ሲታይ ነው። ስዊድኖች ከመቶ ዓመት በላይ ሙስ የሚገድሉበት 6.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ 10 ግራም አረር ይተኩሳል፤ ሲሰላ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ከ280 ሚሊ ግራም በላይ ይጫናል። ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የተባለው የለንደን ጠመንጃ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣው፣ እስከ ዛሬ በአፍሪካ ለጎሽና ለዝሆን የሚያዘው 375 የሚባለው ጥይት ደግሞ 19.4 ግራም አረር በ9.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይልካል፤ በካሬ ሚሊ ሜትር 270 ያህል ነው። አንዱ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም፤ በስማቸውና በድምፃቸው ሰማይና ምድር የሆኑ ጥይቶች በዚህ መለኪያ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ክላሽ? 160 ገደማ። አያቶቻችን ዐድዋ ላይ የተኮሱት ውጅግራ እንኳን፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራው፣ 25 ግራም እርሳሱን በሰከንድ 450 ሜትር ብቻ እየላከ፣ በዚህ መለኪያ ክላሽን በሩቅ ይበልጠዋል። አዲስ መሆን ለሁሉም ሥራ የተሻለ መሆን አይደለም።

ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ትንሽ ጠመንጃም ለሁሉ ይበቃል» የሚሉ አሉ፤ የሚጠሩትም ዋልተር ቤልን ነው። ስኮትላንዳዊው ቤል በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዩጋንዳው ካራሞጃ እስከ ምዕራብ ኢትዮጵያው ጊሎ ወንዝ ድረስ እየተዘዋወረ ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆን ገድሏል፤ አብዛኛውን በ7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ። ታሪኩ እውነት ነው፤ የሚደረስበት ድምዳሜ ግን ስህተት ነው። የቤል አረር 11.2 ግራም የሚመዝን ረጅም፣ ጫፉ ክብ፣ በብረት የተለበጠ ነበር፤ በካሬ ሚሊ ሜትር ያለው ክብደት ከ375ቱ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ቤል የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ አስሰንጥቆ አንጎሉ የት እንደተቀመጠ ያጠና ሰው ነው። ጠመንጃው ትንሽ ሆኖ አልገደለም። አረሩ ረጅም፣ ተኳሹም የሚመታውን ቦታ የሚያውቅ ሆኖ ነው። ቤልን ለትንሽ ጠመንጃ ምስክር አድርጎ መጥራት የሐኪሙን ቢላዋ አይቶ ቢላዋው ነው ያዳነው እንደማለት ነው። በነገራችን ላይ እሱ የኖረው የዝሆን ጥርስ ንግድ አህጉሩን ባዶ እያደረገ በነበረበት ዘመን ነው፤ ችሎታውን ማድነቅ ሥራውን ማድነቅ አይደለም።

በሌላ በኩል ያሉት፣ ትልቁን አምጡ የሚሉት፣ የሚያቀርቡት መከራከሪያ ከሁሉም የተሻለ ስለሆነ በቅንነት መመለስ ይገባል። «ተኳሽ ሰው ነው፤ ይሳሳታል። ትልቅ ጥይት ለስህተቱ ካሳ ይሆናል» ይላሉ። ለጆሮ ይጥማል። ግን እግሩን የተመታ ጎሽ በትንሹም ተመታ በትልቁ እግሩን የተመታ ጎሽ ነው፤ ሆዱን የተመታም እንዲሁ። ትልቁ ጥይት ስህተትን የሚክስ ሳይሆን ስህተትን የሚወልድ ነው። የ375 ጠመንጃ ሰደፉ ትከሻን የሚመታው 30-06 ከሚባለው የተለመደ የአደን ጠመንጃ እጥፍ ያህል ነው፤ ከ375 በላይ ያሉት ደግሞ ከዚያም ይብሳሉ። ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ክፉኛ ከተመታ በኋላ አካሉ ራሱ ይማራል፤ ቃታ ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ይሰበስባል፣ አፈሙዙ ዝቅ ይላል። ይህ ፍርሃት አይደለም፣ በጀግና ላይም ይደርሳል። በልምምድ ካልተገራ በቀር አይለቅም፤ ጥይቱ ውድ ስለሆነ ደግሞ በትልቅ ጠመንጃ የሚለማመድ ሰው ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ተኳሽ በ30-06 ሳንባ የሚመታበትን ቦታ በትልቁ ሆድ ይመታበታል።

ይህ በደጋው አደን ላይ ጎልቶ ይታያል። የደጋ አጋዘን፣ በአሥር ሳንቲማችን ላይ ምስሉ ያለው፣ በአብዛኛው በአርሲና በባሌ ከፍታዎች የሚኖር ነው። ለሳይንስ የታወቀው ሜጀር አይቮር በክስተን እ.ኤ.አ. በ1908 ከገደለው እንስሳ በመነሳት ከሁለት ዓመት በኋላ በስም በተመዘገበ ጊዜ ነው። ዛሬ እንደ ሙኔሳ ኩኬና ኦዶ ቡሉ ባሉ የአደን ቀበሌዎች በፈቃድና በቁጥር ብቻ ይታደናል። ወንዱ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ ከስዊድኑ ሙስ በብዙ ያንሳል። ቢሆንም «ተራራ ነው፣ ሩቅ ነው፣ እንስሳው ቻይ ነው» እየተባለ 300 ማግነም የሚሉት ጠመንጃ ይወደሳል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁለቱም 11.7 ግራም አረር ቢተኩሱ 30-06ቱ በሰከንድ 820 ሜትር፣ ማግነሙ 900 ሜትር ይልካል። በሁለት መቶ ሜትር ላይ ይህ ልዩነት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው፤ የትከሻው ዱላ ግን በሲሶ ገደማ ይጨምራል። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ አስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ ልቡ እየመታ የሚያነጣጥር ሰው የሚያስፈልገው ጥቂት ሳንቲ ሜትር አይደለም። ትንፋሹን ሰብስቦ ሳይፈራ የሚተኩሰው ጠመንጃ ነው፤ ጫፉ ለስላሳ የሆነ ጥሩ ጥይትም።

እዚህ ላይ የራሴን ክርክር ከመጠን በላይ እንዳላስኬደው ልቆጠብ። ለጎሽና በየብስ ላይ ለሚገኝ ጉማሬ 30-06 ይበቃል አልልም፤ አይበቃም። አረሩ ወፍራም አጥንት ሰብሮ ከዚያ ወዲያ መዝለቅ አለበት። ለዚህ ነው ዚምባብዌን የመሳሰሉ አገሮች ለዝሆንና ለጎሽ በሕግ የጥይት ውፍረትና ጉልበት ወለል ያስቀመጡት፤ በዚምባብዌ ቢያንስ 9.2 ሚሊ ሜትርና 5,300 ጁል ነው። 375 ይህን ያልፋል። ነገር ግን ሕጉ የደነገገው ወለል መሆኑ ይስተዋል፤ ጣሪያ ድረስ ውጡ አላለም። ወለሉን ያለፈ ሁሉ ቀሪ ሐሳቡን ለአረሩ ዓይነትና ለራሱ ዓይን ያድርግ። የጉማሬን ራስ ቅል ለመብሳት የማይከፈተው ጠጣር አረር ነው የሚፈለገው፤ ለስላሳው ላዩ ላይ ተፈርጦ ሊቀር ይችላል። ለአጋዘን ደግሞ ተቃራኒው ነው። በአንድ ጥይት ለሁሉም የሚሉ ሰዎች ይህን አይለዩም።

ታዲያ የጉልበት እምነት ይህን ያህል ሥር የሰደደው ለምንድን ነው? በከፊል ጠመንጃን እንደ ባለ ነፍስ ስለምናየው ይመስለኛል። በቀረርቶና በፉከራችን ውጅግራው፣ ምንሽሩ፣ ቤልጅጉ ከባለቤቱ ስም ባላነሰ ይጠራል። መሣሪያ ክብር ነው፣ ጌጥ ነው፣ ማዕረግ ነው፤ ጌጥ ሲመረጥ ደግሞ ትልቁና አብረቅራቂው ይመረጣል። ግን ከዚህም የቀደመውን የአካባቢውን ባህል እንመልከት። ከአርባ ምንጭ በስተ ደቡብ ኮንሶዎች ለጀግኖቻቸው የሚያቆሙት ዋካ የተባለው የእንጨት ሐውልት ጀግናው የገደለውን አውሬ ያሳያል፤ ክብሩ የሚሰጠው ለቀረበውና ለወጋው ሰው ነው። ጦር የያዘ አዳኝ የጉልበት ትርፍ አልነበረውም። አውሬውን ማወቅ፣ መቅረብ፣ የሚወጋበትን ቦታ መምረጥ ነበረበት። ጠመንጃ ርቀቱን አራዘመለት እንጂ ይህን ግዴታ አላነሳለትም።

የመጨረሻው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ይህ ደግሞ የማይናቅ ነው። «375 ማን ይገዛል? ጥይቱስ ከየት ይመጣል? ያለን ክላሽ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን መልሱ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ጠመንጃ ማደል አይደለም። ጉማሬ ማሳ የሚገባበት አብዛኛው ጉዳይ በጥይት የሚፈታም አይደለም፤ ጉማሬ የለመደውን ዱካ ስለሚከተል ዱካው ላይ ቦይ መቆፈር፣ በእሾህ ማጠር፣ ሌሊት እሳት ማንደድና ከውሃው ዳር ያለውን እርሻ ወደ ኋላ መሳብ ብዙውን ያቃልላል። ተኩስ የግድ በሚሆንበት ጥቂት ጊዜ ደግሞ ለአንድ ዞን አንድ 375ና የሠለጠኑ ሁለት ሦስት ተኳሾች በቂ ናቸው። 375ቱ እስኪገኝም ድረስ በየመጋዘኑ ያለ አሮጌ የቤልጅግ ሞዘር በአንድ በአንድ ሲተኮስ ከሩምታ ክላሽ ይመረጣል፤ አረሩ 12.8 ግራም ያህል ነው፣ ተኳሹንም ከመተኮሱ በፊት እንዲያስብ ያስገድደዋል። ሰላሳ ጥይት ያለው ሰው ስለ መጀመሪያው ጥይት አይጨነቅም።

ሥልጠናውም ውድ አይደለም። ፊንላንድ ሙስ እና ድብ ለማደን የሚወጣን ሰው የምትፈትነው በቀላል ነገር ነው፤ ከ75 ሜትር፣ በ90 ሰከንድ ውስጥ፣ አራት ጥይት በሙስ ምስል ላይ በሚገኝ 23 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ያሳርፍ። ያ ክብ ከእንጀራ ምጣድ ግማሽ አይደርስም። የጠመንጃውን ዋጋ አይጠይቁትም፣ ስሙንም አይጠይቁትም፤ አራቱ ውስጥ ካልገቡ ፈተናውን ወድቋል። ጫሞ ዳር ለሚላክ ሰው ይህንኑ ፈተና ለመስጠት የሚያስፈልገው ካርቶን፣ የሜትር መለኪያና አራት ጥይት ነው። ከአንድ የክላሽ ካዝና ሃያ ስድስቱ ሳይነኩ ይተርፋሉ።